የመርከብ ልጆችና እስከ እሑድ የተያዘው መርዶ

የምስክር ቃል

የምስክሯ ስም፦ ወ/ሮ የትነበርሽ አሳምነው
ዕድሜ፦ 58
አድራሻ፦ ራይስዋይክ
ሥራ፦ የአረጋውያን ተንከባካቢ፤ በተጨማሪም «ጎረቤት» የተባለው የማኅበረሰብ መጽሔት ዓምደኛ
ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ቀን፦ ዴን ሃግ፣ ማክሰኞ ኦገስት 12 ቀን 2025 (ነሐሴ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.)፣ ከ10፡15 ጀምሮ
ቃሉን የተቀበሉት፦ የጉዳዩ መርማሪ
በአማርኛ የጻፈው፦ ቃለ መሐላ የፈጸመው አስተርጓሚ ኡራኤል
ጉዳዩ፦ የታዳጊ ሚኪያስ አሟሟትና የታዳጊ ሮቢ መጥፋት

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት አንድ ትንሽ ኀፍረት አለችብኝ፤ እሷን ካልተነፈስኩ ሌላው አይወጣልኝም። ከላይ ዕድሜዬ 58 ተብሎ የተጻፈው ከመታወቂያዬ ተገልብጦ ነው። እኔ ስጠየቅ ያልኩት 49 ነበር። አስተርጓሚው ኡራኤል መታወቂያዬን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ጣሪያውን አየ። መጽሔቱ ላይ ከዓምዴ በላይ ያለው ፎቶዬ የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት የተነሣሁት ነው። አንባቢዎቼ በዚያው ያውቁኛል፣ እኔም ሳላስበው በዚያው ቀረሁ። መርማሪዋ «ለምን ዋሹ?» ሲሉኝ በሳቅ ላልፈው ፈልጌ አልሆነልኝም። የመጣሁት ዕድሜው ስለተዋሸበት ልጅ ለመናገር ነው። በእኔ ዕድሜ ምክንያት ማንም አልሞተም። ሚኪያስ ግን አሥራ አምስት ዓመቱ ሆኖ አሥራ ስምንት ነው በመባሉ የመርከብ ምሰሶ ላይ ወጣ።

ሚኪያስን የማውቀው በአጎቱ በኩል ነው። አጎቱ ጋሽ ጸጋዘኣብ አምስተርዳም ቢልመር የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ ኤርትራዊ ናቸው። ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ስላሳለፉ አማርኛቸው ከእኔ ይልቅ ያምራል። የልጁ እናት፣ እኅታቸው፣ የዛሬ ሦስት ዓመት ስትሞት ልጁን ለማምጣት ያልረገጡት ቢሮ የለም። ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው። ሌላ ዘመድ እዚህ አገር የላቸውም፤ ልጁም ከእሳቸው ሌላ የለውም።

መሳይ የተባለውን ግለሰብ በተመለከተ፣ ሮተርዳም ምግብ ቤት ውስጥ የሚሠራ፣ ወደ አርባ አምስት ዓመት የሚሆነው ሰው ነው። ከእኛ መካከል እሱን የማያመሰግን አልነበረም። ሐዘን ሲኖር ወንበር የሚያመጣ እሱ፣ ማኅበር ሲኖር ድስት የሚሸከም እሱ፣ ለአዲስ መጤ የኸሜንተ፣ የማዘጋጃ ቤቱን ማለት ነው፣ ፎርም የሚሞላ እሱ። እኔ ራሴ ባለፈው ዓመት የቤት ኪራይ ድጎማዬ ሲቋረጥ ሁለት ቀን ስልክ ላይ ቆሞልኛል። ስለዚህ በሚያዝያ «እትዬ፣ ልጆቻችንን መርከብ ላይ ሥራ እያስገባኋቸው ነው፣ መጥተሽ እዪና ጻፊልን» ሲለኝ ደስ አለኝ እንጂ አልጠረጠርኩም።

ቅዳሜ ሜይ 24 ቀን 14፡00 ላይ ከስኬቬኒንገን ወደብ ተሳፈርኩ። መርከቧ «ሃውደን ሬይኸር» ትባላለች፤ ባለ ሁለት ምሰሶ የድሮ የሸራ መርከብ ናት። ሩድ የሚባል ስኪፐር፣ የመርከቧ አዛዥ፣ ለልደትና ለመሥሪያ ቤት ግብዣ ያከራያታል። የአባቱን ስም አላውቅም። በዚያ ቀን ሠላሳ የምንሆን እንግዶች ነበርን። የሚያስተናግዱን ሁለት ልጆች ነበሩ፤ አንዱ ሚኪያስ ነው፤ ሌላው ኋላ በሰኔ መጀመሪያ ጥሎ ሄዷል። ሁለቱም ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ወገባቸውን በቀይ መቀነት ታጥቀው፣ ባዶ እግራቸውን ነበሩ። ሩድ በማይክሮፎን እንዳስረዳን፣ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የመርከብ አሽከር የሚሆኑ ብላቴኖች እንደዚህ ነበሩ። በየጠረጴዛው የናስ ቃጭል ተቀምጧል። እንግዳ ሲያንቃጭል ልጁ ካለበት ሮጦ መምጣት አለበት። እኔ ሁለት ጊዜ አንቃጭያለሁ። አንዴ ሎሚ ፈልጌ ነው። ሁለተኛው ለምንም አልነበረም፤ ሲሮጥ ለማየት ነው።

በመጨረሻ ሚኪያስ በገመዱ መሰላል እስከ ምሰሶው ጫፍ ወጥቶ ባርኔጣውን አውለበለበ። እንግዳው ሁሉ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። የመንሳፈፊያ ጃኬት ለብሶ ነበር ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ እንግዶቹ ለብሰን ነበር፤ ልጆቹ ግን አልለበሱም። መሳይን ስጠይቀው «የድሮውን መልክ ያበላሸዋል ብሎ ሩድ አይወድም» አለኝ።

ሚኪያስን ልሰናበተው ስጠጋው እጁን አልሰጠኝም። ሁለቱንም ወደ ኋላው አጣምሮ አንገቱን ደፋ። ዕድሜውን ስጠይቀው መሳይ ቀድሞ «አሥራ ስምንት» አለ። ልጁ መሬት መሬት አየ። በሰኔው እትም ላይ የጻፍኩትን መርማሪዋ አንብበውታል፤ «የጨዋ ልጅ ነገር! በሰው አገር ነጭ ሲያስተናግድ እንኳ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ አንገቱን ይደፋል፤ አስተዳደግ ባሕር ላይ አይሰጥምም» ብዬ ነበር። እጁን ወደ ኋላ ያደረገው መዳፉ በገመድ ተልጦ፣ እንዳላየው ሊደብቀኝ ኖሯል። ይህን ያወቅሁት በሐምሌ ነው፤ በስፍራው እደርስበታለሁ።

ያ ጽሑፍ በወጣ በሁለተኛው ሳምንት፣ እሑድ ጁን 15 ቀን፣ ሮተርዳም ከቅዳሴ ስንወጣ አንድ ቀጭን ልጅ መጽሔቱን አራት አጥፎ በኪሱ ይዞ ጠበቀኝ። ስሙ ሮቢ ነው። በኋላ እንደተረዳሁት ወላጅ የሌላቸው ታዳጊዎች ከሚቆዩበት መጠለያ ጠፍቶ የወጣ ነበር። «እትዬ የትነበርሽ፣ እኔንም እዚህ መርከብ ላይ ያስገቡኛል?» አለኝ። ስንት ዓመትህ ነው ብለው «ስንት ቢሆን ይሻላል እትዬ?» አለኝ። ሳቅሁ። ቀልደኛ ልጅ ነው ብዬ ሳቅሁ። እዚያው ቆሜ ለመሳይ ደወልኩለትና ልጁን ስልኩ ላይ አገናኘሁት። ማንም አላዘዘኝም፤ ሮቢን መርከቧ ላይ ያስገባሁት እኔ ነኝ። በማግሥቱ ገብቶ እዚያው ማደር ጀመረ። ሚኪያስ ግን እስከ ትምህርት መዝጊያ ድረስ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነበር፤ ከጁላይ አጋማሽ በኋላ እሱም እዚያው ሰነበተ። ጋሽ ጸጋዘኣብ ነገሩን የዕረፍት ጊዜ ሥራ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ፎርሙን የሞላላቸው መሳይ ነው።

ሐሙስ ጁላይ 17 ቀን፣ ሰዓቱን በትክክል አላስታውስም፣ ሮቢ በሚኪያስ ስልክ ደወለልኝ። መርከቧ አምስተርዳም ከማዕከላዊ ባቡር ጣቢያው ጀርባ ቆማለች አለኝ። የሚኪ መዳፍ ተልጦ በፕላስተር እንደሚውል፣ ሁለቱም ሸራ በሚቀመጥበት ጓዳ እንደሚተኙ ነገረኝ። ከዚያ «እትዬ፣ ጫማ የሚቆለፈው ሁሉም መርከብ ላይ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሩድ የሁለቱንም ጫማ ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን አንገቱ ላይ እንደሚያስር፣ ያለ እሱ ፈቃድ ወደ ከተማ መውጣት እንደማይችሉ አስረዳኝ። እኔም «ባሕር ላይ ጫማ ምን ያደርግልሃል፣ ዓሣዎቹ ጋ ለመሄድ ነው?» አልኩት። ከትከት ብሎ ሳቀ። ልጅ አይደል፣ ታላቅ ሰው ሲቀልድ ይስቃል። ያቺን ቀልድ በነሐሴው እትም ላይ አወጣኋት። መጽሔቱ አሁን በየሰው ቤት አለ። ልሰበስበው አልችልም።

አርብ ኦገስት 8 ቀን 17፡40 ላይ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን እያወለቅሁ ሳለ መሳይ ደወለና፣ ስኪዳም አደይ ኣሰገደት ቤት ቶሎ ድረሺ አለኝ። በስፕሪንተር ባቡር ሄጄ 18፡30 ገደማ ደረስኩ። አደይ ኣሰገደት የሰባ አራት ዓመት ኤርትራዊት ናቸው፤ በእኛ መካከል ለሐዘን ሥርዓት የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። በቤቱ ውስጥ እሳቸው፣ የልጅ ልጃቸው የሃያ ዓመቷ የነርስ ተማሪ ዮሃናና መሳይ ነበሩ። መሳይ ዓይኑ ቀልቷል። ሚኪያስ ሞተ አለን። በዚያው ቀን ከቀትር በኋላ፣ 15፡00 ገደማ፣ ከአምስተርዳም ወጣ ብሎ በሚገኘው ሰፊ ውሃ ላይ እንግዳ ሳይኖር ሲለማመዱ ከምሰሶው ወድቆ ነው አለን። አስከሬኑስ ብለን ስንጠይቀው ሆስፒታል ገብቷል፣ ፖሊስም አውቋል አለ።

ቀጥሎ የተናገረውን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፦ «አሁን ፖሊሶቹ ለጋሽ ጸጋዘኣብ ሊነግሯቸው ነው። ዛሬ ማታ በራቸውን ሊያንኳኩ ነው።»

ይህን ስል መርማሪዋ «ታዲያ ትክክል አይደለም ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ስለዚህ እዚህ ላይ ማስረዳት ነበረብኝ። በእኛ ዘንድ መርዶ በር ላይ ቆመው የሚጥሉት ዕቃ አይደለም። ለባለ ሐዘኑ በስልክ አይነገርም፣ ብቻውን ባለበት አይነገርም፣ በመሸ ጊዜም አይነገርም። ወዳጅ ዘመድ ይሰበሰባል፤ ሊነጋ ሲል ሄዶ ይነግራል፤ ሲወድቅ የሚይዘው ክንድ ይኖራል። እስከዚያ ድረስ የሰማ ሁሉ ዝም ይላል። ዝም ማለት ከፍቅር ይቆጠራል።

ጋሽ ጸጋዘኣብ ደግሞ ልባቸው ሕመምተኛ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት የእኅታቸውን ሞት አንድ አፈ ቀላል ሰው በስልክ ነግሯቸው፣ ሜትሮ ውስጥ ተዘርረው በአምቡላንስ ነው የተወሰዱት። ያ አፈ ቀላል ሰው እኔ ነኝ። የሰሙ መስሎኝ «እግዚአብሔር ያጥናዎት» ብዬ ነው የደወልኩት። እሳቸው ይቅር ብለውኛል። ሰዉ ግን እስከ ዛሬ «ለየትነበርሽ ከመንገር በጋዜጣ ማውጣት» ይለኛል።

አደይ ኣሰገደት ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ብቻውን ላለ ሽማግሌ? ለማያውቁት ሰው? ቆመው?» አሉ። መሳይም እንባውን ጠርጎ፣ «ለምኛቸዋለሁ አደይ። ባህላችን ነው ብዬ አስረድቻቸው እስከ እሑድ ጠዋት ሊጠብቁን ተስማምተዋል» አለ። አደይ ኣሰገደት እጁን ይዘው ሳሙት። እኔም መረቅሁት። እዚህ አገር ሠላሳ ዓመት ኖሬ እንዲህ ያለ ፖሊስ አለ ብዬ ማመኔ፣ ያኔ የሚያስደንቅ ደግነት መስሎኝ ነው።

ያላመነች ዮሃና ብቻ ነበረች። «እናንተ ደህና ናችሁ? ፖሊስ እንዲህ አይጠብቅም! ዳት ካን ኤኽት ኒት፣ አይሆንም!» አለች። ቀጥላም ወደ መሳይ ዞራ «አንተ፣ የትኛው ሆስፒታል ነው? የፖሊሱን ስም ንገረኝ፣ እኔ ልደውል» አለችው። አደይ ኣሰገደት ተቆጡ። «ለታላቅሽ ነው አንተ የምትዪው? በሰው ሬሳ ላይ?» አሏት። እኔም ከአደይ ጋር ሆኜ ገሠጽኳት፤ የዛሬ ልጆች ምን ነካችሁ አልኩ። ልጅቷ እያለቀሰች ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን ደረገመችው። መሳይ የሆስፒታሉን ስም ሳይናገር ቀረ። በስድነቷ ተይዘን ጥያቄዋን ማናችንም አላነሣነውም።

ሮቢስ የት ነው ብዬ ጠይቄዋለሁ። ደንግጧል፣ እኔ ጋ ነው፣ እንዳያወራ ብቻ ጸልዩ አለን። እሑድ ከንጋቱ 05፡30 ቢልመር እንድንገናኝ ተቀጣጥረን ተለያየን። በባቡር ስመለስ ለራሴ የገባሁት ቃል ነበር፤ ይህችን አንዲት መርዶ ግን የትነበርሽ አታወጣትም።

ቅዳሜ ኦገስት 9 ቀን በፍልሰታ ጸሎት ላይ ሮተርዳም ነበርኩ። ሰው «ምነው ጠፍቶብሻል ወሬው?» እያለ ሲቀልድብኝ ጾም ነው አልኩ። 10፡50 ላይ ጋሽ ጸጋዘኣብ ራሳቸው ደወሉልኝ። «የትነበርሽ፣ ሚኪ ከትናንት ጀምሮ ስልክ አያነሣም። አንቺ የመርከቡን ሰዎች ታውቂያቸዋለሽ» አሉኝ። ባሕር ላይ ኔትዎርክ የለም ጋሼ አልኳቸው። «እንዲያ ነው? ተባረኪ፣ አሳረፍሽኝ» ብለው ዘጉ።

11፡20 ላይ ስልኬ እንደገና ጠራ። የመሳይ ስም ነው የወጣው። ሳነሣው ግን ሮቢ ነበር። (ምስክሯ እዚህ ላይ ውሃ ጠይቀው ተሰጣቸው።) በሹክሹክታ ነው የሚያወራው። «እትዬ፣ መኪና ውስጥ ነኝ። ጋሽ መሳይ ስልኩን ረስቶ ሱቅ ገባ» አለኝ። የት ናችሁ አላልኩትም። ከበስተጀርባው ለመርከብ ማለፊያ የሚከፈት ድልድይ ደወል ይሰማ ነበር። «ጫማዬን መለሱልኝ። የሚኪንም ለእኔ ሰጡኝ፣ ጭኔ ላይ ነው። እትዬ፣ ሚኪ እኮ ገና...» ሲለኝ አቋረጥኩት። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ቆሜአለሁ፤ ሰው ዙሪያዬን ከቦኛል፤ የልጁ ድምፅ ከስልኩ የሚወጣ መሰለኝ። «አውቃለሁ፣ ሰምቻለሁ። እስከ እሑድ ዝም በል። ለማንም እንዳትናገር። ጎበዝ ልጅ» አልኩት። «እሺ እትዬ» አለና ዘጋ። በጁላይ ስቀልድበት እንደሳቀው፣ አሁንም ታላቅ ሰው ሲያዘው እሺ አለ።

መርማሪዋ ያቋረጥኩት ዓረፍተ ነገር እንዴት ያልቅ ነበር ብለው ጠየቁኝ። ከትናንት ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሚኪ እኮ ገና ውሃ ውስጥ ነው።

ከዚህ በታች ያለውን ባልናገረው ደስ ባለኝ። ስለ ዕድሜዬ መጀመሪያ ላይ የተናዘዝኩት ለዚህ አፌን ላፍታታ ብዬ ነው። 11፡35 ላይ ለመሳይ መልሼ ደወልኩለት። ራሱ አነሣው። «ልጁ በአንተ ስልክ ደውሎልኝ ነበር። ለጋሽ ጸጋዘኣብም ይደውል ይሆናል። ዓይንህን ከእሱ እንዳታነሣ» አልኩት። «ደግ አደረግሽ እትዬ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ የመሳይ ስልክ ዝግ ነው። ሮቢን ከዚያ በኋላ ያየውም ሆነ የሰማው ሰው እስካሁን አልተገኘም። ቁጥሩንና ሁለቱም ጥሪዎች የተመዘገቡበትን ስልኬን ለመርማሪዋ ሰጥቼ ተመልክተው መልሰውልኛል።

እሑድ ኦገስት 10 ቀን 05፡30 ላይ ቢልመር ተሰበሰብን። ዮሃናን ጨምሮ ስምንት ነበርን፤ ሴቶቹ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ለብሰናል። መሳይ አልመጣም። እንደ ሌላው ጊዜ ወንበር ፍለጋ ሄዶ ይሆናል አልን። በሊፍት አልሄድንም፣ ድምፅ እንዳያሰማ በደረጃ አራተኛ ፎቅ ወጣን። ጋሽ ጸጋዘኣብ በፒጃማ በሩን ከፈቱ። ነጠላችንን አዩ። ከዚያ በኋላ የሚነገር አልነበረም፤ አደይ ኣሰገደት የልጁን ስም ብቻ ጠሩ። ክንዳችን ላይ ወደቁ፣ ያዝናቸው። ሥርዓቱ እንደሚፈልገው ሁሉ ሆነ። እኔም በልቤ፣ እግዚአብሔር ይይልኝ፣ የሜትሮውን ዕዳዬን የከፈልኩ መስሎኝ ነበር።

ወደ ግማሽ ሰዓት ካለቀሱ በኋላ ቀና ብለው «የት ነው ያለው? ልየው» አሉ። መሳይ ጋ ተደወለ፣ ዝግ ነው። ዮሃና አንድም ቃል ሳትወቅሰን ኮሪደር ላይ ቆማ ወደ ሆስፒታሎቹ ሁሉ፣ ቀጥላም ወደ ፖሊስ ደወለች። 07፡10 ላይ ተመልሳ ገባች። በአንዱም ሆስፒታል እንዲህ ያለ ልጅ እንደሌለ፣ ፖሊስም ስለ ምንም አደጋ እንዳልሰማ ነገረችን።

ያን ጊዜ የጋሽ ጸጋዘኣብ ፊት የሆነውን ነገር በምንም ዓምድ ልጽፈው አልችልም። እንባቸው ደረቀ። «ሬሳ ከሌለ፣ ሐኪም ካላየው፣ ፖሊስ ካላወቀ፣ እናንተ ምን ልትነግሩኝ መጣችሁ?» አሉን። «እንግዲያው አልሞተም!» ብለው ተነሡ። በፒጃማቸው ላይ ካፖርት ደርበው ጫማቸውን ለማሰር ጎንበስ አሉ። ክሩ አልታሰር አላቸው፤ ዮሃና ተንበርክካ አሰረችላቸው። አደይ ኣሰገደት ነጠላቸውን ያቃኑ ወይስ ይተዉት ጨንቋቸው ጠርዙን ይዘው ቆሙ። በሜትሮ ተከትለናቸው ሄድን። ከማዕከላዊ ባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ መርከቧ ትቆምበት በነበረው ቦታ ውሃ ብቻ ነው ያለው። ሽማግሌው በወደቡ ዳር ወዲያና ወዲህ እያሉ «ሚኪ! ሚኪዬ!» እያሉ ሲጣሩ ከጀልባ የወረደው ሰው ሁሉ ዞሮ ያያቸው ነበር። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ዋሉ። ተስፋ የሰጠናቸው እኛ ነን።

ሰኞ ኦገስት 11 ቀን ጠዋት በጀልባ የሚያልፉ ሰዎች ልጁን በሸምበቆው ዳር እንዳገኙት ከፖሊስ ሰምቻለሁ። ከወደቀ በኋላ ምን ያህል ጊዜ በሕይወት እንደቆየ ሐኪሙ ገና አልተናገረም። እኔ ግን ከአርብ 15፡00 ጀምሮ ያለውን ሰዓት ሁሉ፣ ያለሁበትን ቦታ እየጠቀስኩ መቁጠሬን አላቆምኩም። ባቡር ላይ ነበርኩ። ጸሎት ላይ ነበርኩ። ዮሃናን እየገሠጽኩ ነበር።

ሁለት ፖሊሶች በዚያው ቀን የጋሽ ጸጋዘኣብን በር አንኳኩተው፣ በር ላይ ቆመው፣ በአምስት ደቂቃ ነገሯቸው። እኔ ማታ ሄጄ በሩ ላይ ቆሜ መግባት ፈራሁ። «ግቢ» አሉኝ። ልጁን አይተውት መጥተዋል። «ባዶ እግሩን ነው» አሉኝ። ቀጥለው «የእነሱ መርዶ ይሻላል፣ የትነበርሽ። ቀዝቃዛ ነው፤ ግን እውነት ነው» አሉኝ። ከዚያ «ሁለተኛው ልጅስ?» ብለው ጠየቁኝ። ዛሬ ጠዋት ማንም ሳይጠራኝ ወደዚህ የመጣሁት በዚህ ጥያቄ ምክንያት ነው።

መሳይ ሲያለቅስ የነበረው ከልቡ ይሁን አይሁን ተጠይቄአለሁ፤ አላውቅም። እንባው እውነተኛ ነበር። ሁለት ቀን ግን ከእኛ ተቀብሏል፤ በእነዚያ ሁለት ቀናት ውስጥ መርከቧ ጠፍታለች፣ ሩድ ጠፍቷል፣ የሚኪያስን መውደቅ ያየው ብቸኛ ልጅ ጠፍቷል። መሳይ የሰረቀን ነገር የለም፤ ለምኖ ወሰደ፤ እኛም መርቀን ሰጠነው።

ሮቢን ለሚፈልጉ ሰዎች የምሰጠው ምልክት፦ ቀጭን፣ ጠይም፣ ከግራ ቅንድቡ በላይ ትንሽ ጠባሳ ያለው። ለጠየቀው ሁሉ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው ይላል፤ ለሚኪያስ የነገረው አሥራ አራት እንደሆነ ጋሽ ጸጋዘኣብ ነግረውኛል። ጠያቂ የሌለው ልጅ ስለሆነ ማንም ጠፋብኝ ብሎ አያመለክትም፤ አመልካቹ እኔ ነኝ፣ በስሜ ይጻፍ። ሁለት ጥንድ ጫማ ይዞ ሊታይ ይችላል። አንዱ የራሱ ነው። ሁለተኛው ሰማያዊ ነው፣ ቁጥሩ 41። የሚኪያስን ጫማ የሚጥለው አይመስለኝም።

ይህ ቃል በአስተርጓሚው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነብቦልኛል። በየወሩ ከምጽፈው የሚለየው ማጣፈጫ ስለሌለው ነው፤ የጨመርኩት የለም፣ ዕድሜዬንም ጨምሮ የደበቅሁት የለም። ለእኔ የሚያሳፍረው ስፍራ እንዲለሰልስ ኡራኤል ሐሳብ አቅርቦልኝ ነበር፤ እንደተናገርኩት ይቆይ ብዬዋለሁ። ሮቢ የስልክ ቁጥሬን ያውቀዋል፤ ከዓምዴ ግርጌ ታትሟል፣ በኪሱ አጥፎ ይዞታል። ከዛሬ ጀምሮ ስልኬ አይዘጋም። የደወለልኝ እንደሆነ፣ ሥራ ላይም ብሆን፣ ቅዳሴ ላይም ብሆን፣ የጀመረውን ሳላቋርጥ እስከ መጨረሻው እሰማዋለሁ። ከዚያ ሽማግሌ ሳልሰበስብ፣ ጎሕ እስኪቀድ ሳልጠብቅ፣ በዚያችው ደቂቃ ለመርማሪዋ እናገራለሁ። ክፉም ቢሆን፣ በስልክም ቢሆን፣ ብቻዬንም ብሆን።

የምስክሯ ፊርማ፦ የትነበርሽ አሳምነው፣ 58
የአስተርጓሚው ፊርማ፦ ኡራኤል
የመርማሪዋ ፊርማ፦ ተፈርሟል
ቃሉ የተጠናቀቀበት ሰዓት፦ 13፡05